ሕግ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ከዚራ ወደሚገኘው ቢሮዬ ከባለጉዳዮች ይልቅ የጎረቤትና የዘመድ ልጆች ይበዛሉ። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሕግ መማር ይፈልጋሉ፣ ከአንድ በላይ በር ተከፍቶላቸዋል፣ በየትኛው እንደሚገቡ ግን ግራ ገብቷቸዋል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ «ወንድሜ፣ አንዱ የመንግሥት ምደባ ነው፣ ሩቅ ነው፤ አንዱ እዚሁ በክፍያ ነው፤ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ተፈትና ያገኘችው ነው፤ ከሦስቱ ስሙ የከበደው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የእናትየው ሐሳብ ይገባኛል። ልጅን አምስት ዓመት ከቤት አርቆ መላክ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ስም ቢያንስ ዋስትና ይመስላል።

እኔ ግን በሙያው ከቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ሌላ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት መመረጥ ያለበት ተማሪውን ከመዝገብ፣ ከችሎትና ወደፊት ከሚሠራበት ቋንቋ ጋር ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚያገናኘው ታይቶ ነው። ስሙ የሚጠየቀው ይህ ከተጠየቀ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እያንዳንዱን አማራጭ በዚህ ሚዛን እንድትመዝኑት ነው።

የተሰጣችሁ ቦታ በእርግጥ የሕግ ቦታ መሆኑን አጣሩ

በመንግሥት ምደባ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምደባው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ዩኒቨርሲቲውንና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፉን እንጂ የሕግ ትምህርትን አይደለም። ተማሪው ፍሬሽማን በሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ከሌሎች የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ሕግ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ ተማሪ ከሚሻማባቸው መስኮች አንዱ ነው። ስለዚህ «ልጄ ሕግ ደርሶታል» ብሎ ድግስ ከመደገስ በፊት የደረሰው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ መልሱ የሚገኘው ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በበለጠ ከሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ነው። ባለፈው ዓመት ሕግ የተቀበለው ስንት ተማሪ ነበር? ተቀባይነት ካገኙት መካከል ዝቅተኛው የፍሬሽማን ውጤት ስንት ነበር? ከውጤት ሌላ የሚታይ ነገር አለ? ለሴት ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ድጋፍ ይደረጋል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ከተመለሱ የተማሪው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ተማሪው ከሕግ በቀር ሌላ ምንም መማር የማይፈልግ ከሆነ፣ ወደ ሕግ የመግባት ዕድሉ የሰፋበት ብዙም ያልተወራለት ዩኒቨርሲቲ፣ ዕድሉ ከጠበበበት ባለ ትልቅ ስም ዩኒቨርሲቲ ይበልጥበታል። በአንጻሩ በታሪክ፣ በፖለቲካ ሳይንስ ወይም በምጣኔ ሀብትም ደስ ብሎት ሊማር የሚችል ተማሪ ለስሙ ቢወራረድ ብዙ አይጎዳም። ይህን ከራሱ ከተማሪው ሌላ የሚያውቅ የለምና ወላጆች በዚህ ነጥብ ላይ ልጁ የሚለውን ቢሰሙ መልካም ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የወጣውን የራስ ገዝነት አዋጅ ተከትሎ ተማሪዎችን በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበል ስለጀመረ የእሱ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኘው ማን እንደሆነና ማን በክፍያ እንደሚማር በየዓመቱ ጥሪ ላይ የሚገለጽ በመሆኑ፣ የአምናውን ወሬ ይዞ ከመሄድ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል።

በየትኛው ቋንቋ ትማራላችሁ፣ በየትኛውስ ትሠራላችሁ?

በአካባቢያችን ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባውና ከሁሉ ያነሰ የሚታሰብበት ነገር ይህ ነው። የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሥራው ግን በእንግሊዝኛ አይሠራም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተም ሲሆን በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲፈጠር የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ፍርድ የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በየቅጹ የሚያወጣቸው አስገዳጅ ውሳኔዎችም የተጻፉት በአማርኛ ነው። በድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ በሐረሪ ክልል ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብላችሁ ምሥራቅ ሐረርጌ ስትገቡ ችሎቱ የሚያስችለው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ ሶማሌ ክልል ስትሻገሩ ደግሞ በሶማሊኛ ነው። በአንድ ቀን በሚኒባስ ደርሶ መልስ በሚኬድበት አካባቢ ውስጥ አንድ ጠበቃ አራት የሥራ ቋንቋ ያጋጥመዋል።

እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ስመርጥ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በስሙ የመረጥኩት ትምህርት ቤት ጽንሰ ሐሳቡን በሚገባ አስተምሮኛል፤ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንድም የክስ ማመልከቻ በአማርኛ ጽፌ አላውቅም ነበር። ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የመከላከያ መልስ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩና ቁጭ ብዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ስጽፍ ዋልኩ። የጻፍኩትን ያየው አንድ በዕድሜ የገፋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሌሎች ያዘጋጇቸውን መልሶች አንድ በአንድ አውጥቶ አሳየኝ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ክሱ ከመነሻው ሊታይ አይገባም የሚለው ክርክር፣ የት እንደሚገባ፣ የፍሬ ነገሩ ክርክር ከየት እንደሚጀምር፣ «በአማራጭ» ተብሎ የሚቀርበው ክርክር እንዴት እንደሚደረደር ያወቅሁት ከእሱ ነው። ይህን ሁሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 እና 234 በዝርዝር ይናገራሉ፤ ሁለቱንም አንብቤ ፈተና ተፈትኜባቸዋለሁ። አንብቦ ማወቅና ጽፎ ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ለምታስቡበት ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ አቅርቡ፦ የሕግ ጽሑፍ ዝግጅት ኮርስ ላይ ተማሪው ክስ፣ መልስ፣ የይግባኝ ቅሬታና ውል በአካባቢው የሥራ ቋንቋ እንዲጽፍ ይደረጋል ወይስ በእንግሊዝኛ ብቻ? መምህሩ የተጻፈውን አርሞ ይመልሳል? አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻው የሆነና ወደፊት በምሥራቅ ሐረርጌ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ መሆን የሚፈልግ ተማሪ፣ ቋንቋው በማይነገርበት አካባቢ አምስት ዓመት ቢቆይ የሕግ ቃላቱን በራሱ ጥረት ማሟላት ይኖርበታል። ሶማሊኛ ለሚናገርና ወደ ሶማሌ ክልል ተመልሶ ለመሥራት ላሰበ ልጅም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የድሬዳዋ ልጆች በዚህ ረገድ የታደሉ ናቸው፤ ብዙዎቻቸው በሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ እየሰሙ አድገዋል። ይህን ሀብት የሚያሳድግላቸው ወይም ቢያንስ የማያስረሳቸው ትምህርት ቤት ሊመርጡ ይገባል።

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ድንጋጌዎች በሁለቱ ቅጂዎች እኩል አይነበቡም፤ ክርክርም ይነሣባቸዋል። ሁለቱንም ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስተምር መምህር ያለበት ክፍል፣ አንዱን ብቻ ከሚያነበው ክፍል የበለጠ የሕግ ባለሙያ ያፈራል።

ችሎት ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?

ዩኒቨርሲቲዎችን ስታነጻጽሩ ካርታ አውጥታችሁ ከግቢው እስከ ቅርቡ ፍርድ ቤት ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ይህን ስል ብዙዎች ይገረማሉ፤ ጉዳዩ ግን ዋዛ አይደለም። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። የሕግ ተማሪ በሳምንት አንድ ጠዋት ገብቶ ከኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ዳኛ የት ላይ እንደሚያቋርጥ፣ ጠበቃ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ያያል። ከክፍል ተነሥቶ በእግሩ ወይም በባጃጅ ችሎት መድረስ የሚችል ተማሪ ይህን ያደርገዋል፤ ለችሎት ሲል ግማሽ ቀን መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ግን ሁለት ጊዜ ሄዶ ይተወዋል።

በዚህ መስፈርት ድሬዳዋና ሐረር በአገሪቱ ካሉት ከተሞች ሁሉ የተለየ ቦታ ይይዛሉ። በድሬዳዋ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትና የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያስችላሉ፤ ከእነሱ ጎን የከተማ አስተዳደሩ የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ከታች የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይገኛሉ። አንድ ክስ የቀረበለት ፍርድ ቤት «ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም» ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ ማየት በድሬዳዋ እንግዳ ነገር አይደለም። የሥረ ነገር ሥልጣን የሚባለው ብዙ ተማሪ በቃሉ የሚያጠናው ትምህርት እዚህ በየቀኑ በዓይን ይታያል።

ሐረር ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። የሐረሪ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በከተማዋ አለ፤ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መቀመጫም ሐረር በመሆኗ የኦሮሚያ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በዚያው ከተማ ያስችላል። ሁለት ክልሎች፣ ሁለት የፍርድ ቤት አደረጃጀት፣ አንድ ከተማ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታዩ ይችላሉ፤ ይህ «ፈቃድ» የሚለው ቃል በተግባር ምን ማለት እንደሆነ፣ በተለይ ለሴት ተከራካሪ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የበለጠ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም። የአገር ሽማግሌዎች እርቅ፣ የኦሮሞው ጃርሱማ፣ የሶማሌው ሄር በአካባቢው በሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ የግድያና የጉዳት ጉዳዮች ሳይቀሩ በእነሱ በኩል እርቅ ተፈጽሞባቸው ወደ ፍርድ ቤት ሲመጡ ዳኛው ምን ማድረግ እንዳለበት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የንግድ ሕግ ለሚስበው ተማሪም እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ዛሬም የጅቡቲ መስመር ከተማ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነፃ ንግድ ቀጣና ያላት በመሆኗ የማጓጓዣ ውል፣ የጉምሩክ፣ የመድንና የአሠሪና ሠራተኛ ክርክሮች አይጠፉባትም። አዲሱን የንግድ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243/2013ን፣ በዚህች ከተማ የሚያነበው ተማሪ ከመስኮቱ ውጭ ምሳሌውን ያገኛል።

ይህን ስል ግን ሁሉም እዚሁ ይቅር ማለቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ለችሎት መቅረቡ ብቻውን አይበቃም፤ በዚህ ቅርበት መጠቀሙ መጣራት አለበት። የሚከተሉትን በቀጥታ ጠይቁ። ኤክስተርንሺፕ የሚባለው የተግባር ልምምድ የት የት ይሰጣል፤ ተማሪው ፍርድ ቤት ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሲላክ የሚከታተለው መምህር አለ ወይስ ፊርማ አሰባስቦ ይመለሳል? የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ? ካለስ ተማሪው ባለጉዳይ አነጋግሮ ማመልከቻ ይጽፋል ወይስ መምህሩ ሲሠራ ቆሞ ያያል? የምስለ ችሎት ውድድር በየዓመቱ ይካሄዳል፤ የሚሳተፈውስ ማን ነው፤ አምስት የተመረጡ ተማሪዎች ብቻ ናቸው ወይስ ሁሉም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆሞ ይከራከራል? በእኔ ግምት የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን ስለ አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ብዙ ይናገራል። ጎበዞቹን መርጦ ለውድድር ማሠልጠን ለትምህርት ቤቱ ዋንጫ ያስገኛል፤ ዓይን አፋሩን ተማሪ ማቆም ግን ጠበቃ ያፈራል።

መምህራን፣ ቤተ መጻሕፍትና የመውጫ ፈተና

ስለ መምህራን ስትጠይቁ የማዕረጋቸውን ዝርዝር ብቻ አትቁጠሩ። በዝርዝሩ ላይ ያለው መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ሊሆን ይችላል። የሚጠቅመው ጥያቄ ባለፈው ሴሚስተር የውል ሕግን፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓትንና የማስረጃ ሕግን በአካል ያስተማረው ማን እንደሆነ፣ ኮርሱ በጊዜው ማለቁን ወይስ በሴሚስተሩ መጨረሻ በአንድ ሳምንት ተጠቅልሎ መሰጠቱን ማወቅ ነው። ይህን ዲኑ አይነግራችሁም፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ጠይቃችሁ ሳትጨርሱ ይመልስላችኋል።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆኗል፤ የሕግ ተማሪዎች ግን ከሌሎቹ ቀደም ብለው ለዓመታት ሲፈተኑት ኖረዋል። አምስት ዓመት ተምሮ ይህን ፈተና ያላለፈ ሰው ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ውጤት ጠይቁ፤ በመጀመሪያ ሙከራቸው ያለፉት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ለይታችሁ ጠይቁ። ድጋሚ የተፈተኑት ከተጨመሩበት ቁጥሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቁጥሩን ለመስጠት የሚያቅማማ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ያንንም እንደ መልስ ውሰዱት።

ዲግሪውም ቢሆን ለጥብቅና ብቻውን እንደማያበቃ ቤተሰብ ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻላል። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ሲሆን የሙያ ልምድና ፈተና ይጠይቃል፤ ክልሎችም የራሳቸው የፈቃድ አሰጣጥ አላቸው። ከተመረቁ በኋላ ጥቂት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት፣ በነገረ ፈጅነት ወይም ከሌላ ጠበቃ ሥር መሥራት የተለመደ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ የሚቀጥራችሁ ሰው ብዙውን ጊዜ በልምምድ ላይ ሳላችሁ ያያችሁ ሰው ነው።

ቅርብ ካሉት አማራጮች ጥቂቱ

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ነባር ተቋም ነው፤ ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወደ 40 ኪሎ ሜትር፣ ከሐረር ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። በግብርና ቢታወቅም የሕግ ኮሌጁ የራሱን የሕግ መጽሔት የሚያሳትምና በአካባቢው የነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ነው። ድክመቱ ዋናው ግቢ ከሁለቱም ከተሞች ወጣ ያለ መሆኑ ነው፤ ችሎት ለመከታተል የሚፈልግ ተማሪ መንገዱን አስቦ መግባት አለበት። በሌላ በኩል ይህ ርቀት ለማንበብ ጸጥታ ይሰጣል፤ ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ከሰፈር ጓደኞቹ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ሲለወጥ አይቻለሁ።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን ትልቁ ብርታቱ ከላይ የዘረዘርኳቸው ፍርድ ቤቶች በከተማው ውስጥ መኖራቸው ነው። እዚሁ ተመድቦ ቅር የሚለው ልጅ ብዙ ነው፤ «ከቤት አልወጣሁም» የሚለው ስሜት ያሳዝነዋል። ለእንደዚህ ያለ ተማሪ የምመክረው ዶርም ገብቶ እንዲኖር እንጂ ዕድሉን እንዲንቅ አይደለም። ቤት ውስጥ እየኖረ የሚማር የሕግ ተማሪ የእንግዳ፣ የለቅሶና የሠርግ ተጠሪ ይሆናል፤ በወር ሊነበብ የሚገባው ገጽ ግን አይቀንስለትም።

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ይገኛል፤ ሶማሊኛ ለሚችልና በዚያ ክልል ለመሥራት ለሚያስብ ተማሪ የባህል ሕግንና መደበኛውን ሕግ ጎን ለጎን የሚያይበት ሥፍራ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ዓ.ም. የተከፈተ የአገሪቱ የመጀመሪያ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም የሚወጣው ከዚያ ነው። በሰበር ሰሚ ችሎት፣ በፍትሕ ሚኒስቴር፣ በትላልቅ የጥብቅና ድርጅቶችና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች አጠገብ መማር ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕድል ነው፤ ወደ ሕገ መንግሥት፣ ወደ ዓለም አቀፍ ሕግ ወይም ወደ ምርምር ለሚያዘነብል ተማሪ እኔም ወደዚያ እንዲሄድ እመክራለሁ። ከዚያ ተመርቆ እዚህ ተመልሶ ለመሥራት ለወሰነ ግን ጥቅሙ ሰው እንደሚያስበው ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ የሚያውቃቸው ዳኞችና ጠበቆች ሁሉ አዲስ አበባ ይቀራሉ።

የግል ኮሌጅ፣ ኤክስቴንሽንና ውጭ አገር

በክፍያ ለመማር ከሆነ ከክፍያው በፊት ፈቃዱን ተመልከቱ። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱም ለተቋሙ በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለትምህርት አሰጣጡ ዓይነት የተለየ ነው። አዲስ አበባ ላለው ካምፓስ የተሰጠ የሕግ ፈቃድ ድሬዳዋ ላለው ቅርንጫፍ አያገለግልም፤ የቢዝነስ ትምህርት ፈቃድም ለሕግ አይሆንም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ዓይታችሁ አትመለሱ፤ የትኛው መስክ፣ የትኛው ካምፓስ፣ እስከ መቼ የሚሉትን ሦስት ነገሮች አንብቡ፤ ከዚያም ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቁ።

ኤክስቴንሽን በሥራ ላይ ላሉ ፖሊሶች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ጥሩ መንገድ ነው፤ ችሎቱን ቀድመው ያውቁታልና። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ለመጣና መደበኛ ምደባ ላገኘ ልጅ ግን አልመክርም።

ከውጭ አገር የመጣ ግብዣ ካለ አንድ ነገር ብቻ አስቡ። ሕግ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ሒሳብ በየትም አንድ አይደለም። በኬንያ ወይም በሕንድ የሚሰጠው ትምህርት በዳኞች ውሳኔ ላይ በተገነባ ሥርዓት ላይ የቆመ ሲሆን የእኛ መሠረት የተጻፉ ሕጎች ናቸው። ተመልሶ እዚህ መሥራት የሚፈልግ ሰው የአቻ ግምት ከማሠራቱ ሌላ የአገሩን ሕግ እንደገና መማር ይጠብቀዋል።

ስለ ገንዘብና ስለ ኑሮ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት የሚባለው ውል ተፈርሞ ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ስለሚኖር ነፃ ትምህርት ነው ማለት አይቻልም፤ ያም ሆኖ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከግል ኮሌጅ ክፍያ የሚቀለው እሱ ነው። የግል ኮሌጁን ስታሰሉ የአንዱን ሴሚስተር ሳይሆን የጠቅላላውን የትምህርት ዘመን ክፍያ ጠይቁ፤ ክፍያው በየዓመቱ የሚጨምር መሆኑንም በጽሑፍ አረጋግጡ። በሁለተኛው ዓመት በገንዘብ እጥረት የተቋረጠ የሕግ ትምህርት ሲጠገን አላየሁም። በጉዞ ወጪ ረገድ የሚታሰበው ትኬቱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ በሚዘጋበት ጊዜ ልጁን የሚያስጠጋ ዘመድ በከተማው አለ ወይ የሚለውም ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙከራ፣ ከወሰናችሁ በኋላ ጥቂት ሥራ

ሁሉም ተመዝኖ ሁለት አማራጮች እኩል ከሆኑ ተማሪው አንድ ሳምንት ወስዶ ይህን ያድርግ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከቁጥር 1675 ጀምሮ ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገሩትን አንድ ሠላሳ ቁጥሮች በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያንብብ፤ ከዚያ በአንዱ ቀን ድሬዳዋ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወይም ሐረር ገብቶ አንድ የውል ክርክር ያዳምጥ። ያነበበውን በሰማው ውስጥ ካገኘውና ማታ ቤት ገብቶ ስለ ጉዳዩ ማውራት ካላቆመ፣ ተግባር ወደሚበዛበት ትምህርት ቤት ይሂድ። ችሎቱ አሰልችቶት ንባቡ ግን ከያዘው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የምርምር ሥራው ወደሚበልጥበት ይሂድ። ሁለቱም ካሰለቹት፣ አሁንም ጊዜ አለና ሕግ ማጥናቱን ራሱን ደግሞ ያስብበት። ወላጆች ይህን የመጨረሻውን መልስ ያለ ቁጣ ሊሰሙት ይገባል።

የመንግሥት ምደባ ውጤት ሳይታወቅ ለግል ኮሌጅ የማይመለስ ክፍያ አትክፈሉ። ምደባው ከመጣ ደግሞ በጥሪው ላይ በተጠቀሱት ቀናት ተገኝታችሁ ተመዝገቡ፤ ቀኑ ካለፈ ቦታው ሊያመልጥ ይችላል፤ ከአንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መዛወርም በተረጋገጠ የጤናና መሰል ምክንያት ካልሆነ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ «አሁን ልግባና በኋላ እቀይራለሁ» ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ለምዝገባ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው እንዲሁም ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋሉ። አንድ አንድ ተጨማሪ ኮፒ ቤት ይቀመጥ። አንሶላና ብርድ ልብስ የሚመጣው ከቤት ነው፤ ከድሬዳዋ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሐረማያ የሚወጣ ልጅ ወፍራሙን ይያዝ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ይበርዳል። ከሻንጣው ሥር ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የአማርኛ ቅጂ ይግባ፤ በፍሬሽማን ዓመት ማንም አይጠይቀውም፤ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ገጽ ያነበበ ተማሪ ግን ዲፓርትመንት ገብቶ የመጀመሪያው የውል ሕግ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር መምህሩ የሚጠራውን ቁጥር ቀድሞ ያገኘዋል።